እንጆሪ ሰባት ቤት ስትቆጥር

መምህር አንዳርጌ ባለፈው እሑድ ምሳውን በልቶ መኝታ ቤት ገብቶ ጋደም እንዳለ ሕልም አየ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ የእሱን ሕልም ግን የሚፈታለት ሰው ቢፈለግም አይገኝም ነበር፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አኩርፈውት ነበርና። ሕልሙ ምን እንደነበረ ከመስማት በፊት ታዲያ ሰውየው በምን ሆዱ እንደተኛ ማወቅ ይበጃል።

አንዳርጌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አገር ቃል ሲያጠና የኖረ፣ ደሴ ላይ የቋንቋ መምህር የሆነ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ለትምህርት ተልኮ፣ ሁለት በጋ የሊትዌኒያ ጫካ ውስጥ እንጆሪ ከሚለቅሙ አሮጊቶች ኋላ ኋላ ቅርጫት ተሸክሞ ዞሯል። ነገሩ የያዘው እዚያ ነው። የሊትዌኒያ ሰው የጫካውን ፍሬ «ኡዎጋ» ይለዋል፤ ሩስያዊው ደግሞ «ያጎዳ»። ሁለቱ ቃላት የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ እናቲቱ ግን ጽሕፈት ወደዚያ አገር ሳይደርስ ስለጠፋች ድምፅዋን የሰማ የለም። ቢሆንም የልጆቹን መልክ ጎን ለጎን አስቀምጦ የእናቲቱን መልክ ማግኘት ይቻላል ባዮች ናቸው ሊቃውንቱ፤ «ኦጋ» ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። እንዲህ በስሌት የተገኘችን ቃል ሲጽፉ ከፊቷ አንዲት ኮከብ ያደርጉባታል። ኮከቧ «ይህችን ያያትም የሰማትም የለም፤ እኛ ነን ያልናት» ማለት ናት። በዚህ በኩል አንዳርጌ አይታማም። ስለ እንጆሪ እናት በጻፈው ባለ መቶ ሃያ ገጽ ጥናት ውስጥ አንዲት ኮከብ አልዘነጋም። ጥናቱን እስከ ዛሬ ያነበቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ የተየበችው ጸሐፊ ናት።

ይህ የባዕድ ቃል ዘር እስከ ሦስት ሺህ ዓመት የሚያወጣ ሰው የራሱን አያቶች አያውቅም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ልጁ ማስተዋል የምትወደው ሰው አገኘች፤ ይበልጣል ይባላል፤ የይበልጣል ወገኖችም ሽማግሌ ላኩ። እንደ ደንቡ ሁለቱም ቤተሰብ ሰባት ቤት ሊቆጥር ተቀመጠ። በሰባት ቤት ውስጥ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻው የለም። የሚስቱ የወይዘሮ የሺመቤት ወገን እንደ ውሃ ወረደ። አንዳርጌ ግን ከራሱ ጀምሮ ምትኩ፣ ተሰማ፣ ጓሉ አለና አራተኛው ቤት ላይ ቀጥ አለ። ሃያ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አላውቅም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ግን የተማረ ሰው ነው፣ የተማረ ሰው ደግሞ በሰው ፊት አላውቅም ማለት ሞቱ ነው። ስለዚህ የለመደውን ሥራ ሠራ። አጎቱ ዳምጠው ነው፤ አክስቱ ዳምጤነሽ ናት፤ እንግዲያው አምስተኛው ቤት ዳምጤ መሆን አለበት ብሎ አሰላና «ዳምጤ» ብሎ ቆጠረ። እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ዳምጤ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው ሲጠይቁት አርባ ጥማድ በሬ፣ ነጭ በቅሎና በብር የተለበጠ ጋሻ ሰጠው።

የሙሽራው አያት አቶ ደሳለው ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እሳቸውም ከይበልጣል ጀምሮ ሲቆጠር ስድስተኛው ቤት ላይ ትንሽ ጭጋግ ነበረባቸው። ዳምጤማ የእኛም አያት ነው አሉ። ቤቱ በእልልታ ተደበላለቀ፤ የጠፋ ዘመድ ተገኘ ተብሎ ሁሉም ተሳሳመ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? እልልታው ካለቀ በኋላ ነው የነፍስ አባታቸው ቄስ በጣታቸው ቆጥረው ቆጥረው፣ እንግዲህ ልጆቹ በዳምጤ በኩል ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ፈርሷል ያሉት።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፏል። ሽማግሌዎቹ የዚያን እሑድ በአሥር ሰዓት መጥተው ነገሩን ሊዘጉት ቀጥረዋል። ማስተዋል አባቷን ማነጋገር ትታለች፤ ምሳውን አቅርባ ቀና ብላ ሳታየው ትወጣለች። ሰውየው ዳምጤን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ቢል ልጅቷ በዚያው ቅጽበት ነጻ ትወጣለች። ሊለው ሲነሳ ምላሱ ያብጣል። እፍረቱን ከልጁ አስበለጠ፤ ይህንንም ራሱ ያውቃል፤ ስላወቀው ግን አልቀለለውም። በዚህ ሆዱ ነው የተኛው።

እንቅልፍ እንደወሰደው ያ የድሮው ጫካ ውስጥ ራሱን አገኘው። ቆሞ አልነበረም፤ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ግራና ቀኙ ሰዎች በዘለላ በዘለላ አፍርተዋል። እንጆሪዎች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቅርጫት ይዘው፣ እየተጨዋወቱ ሰው ይለቅማሉ። አንዲት ደልደል ያለች እንጆሪ ጉንጩን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አድርጋ «ይኼኛው ገና ጥሬ ነው» አለች። አንዳርጌ ስልሳ አንድ ዓመት እንደሞላው ሊያስረዳት ፈለገ፤ ፍሬ ግን አይናገርም። ጓደኛዋ ግድ የለም፣ ቤት ውስጥ ይበስላል አለቻትና ከነቅጠሉ ቀነጠሰችው። ቅርጫቱ ውስጥ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቀድሞት ተቀምጧል፤ በስሎ በስሎ ሊፈስ ተቃርቧል። አንዳርጌን ሲያይ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አስገብቶ እንደሆነ ጠየቀው።

ቅርጫቱ የወረደው ገበያ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ ዳይሬክተሮች፣ ኃላፊዎችና ምክትል ኃላፊዎች ኮታቸውን ቆልፈው ተሰልፈዋል። ተራ የደረሰውን ሁሉ ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ ትለዋለች። እነሱም እግዚአብሔር ይስጥልን ብለው ይመለሳሉ፤ አንዱ ብቻ ቅር ብሎት ቆሞ ነበር፤ እሱንም ፎቶ ኮፒ አምጣ ብላ አባረረችው። አንዳርጌ ምንም እንኳ ፍሬ ቢሆን በዚህ ትንሽ ደስ አለው።

ውስጥ ያሉት መምህራን ቃላት ናቸው፤ የሚያጠኑት ሰውን ነው። አንድ መነጽር ያደረገ ግሥ አንዳርጌን ከቅርጫቱ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አቆመው፤ ከጎኑ የወንድሙን ፎቶ አኖረ። አፍንጫቸውን በማስመሪያ ለካ። ለተማሪዎቹም አባትየው ይህን የሚያህል አፍንጫ የነበረው፣ ምናልባትም ምትኩ የሚባል ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ያየው የለም አላቸው። አንዳርጌ እኔ አይቼዋለሁ ብሎ ሊጮህ ነበር። ግሡ እጁን አነሳና፣ የሚጠና ነገር አስተያየት እንዲሰጥ ደንቡ አይፈቅድም አለ።

ከዚያ አምልጦ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ጠባቂዋ ፍየል ናት። መጽሐፍ የፈለገ ርዕሱን ይነግራታል፤ እሷ ከሆዷ መልሳ እያመነዠከች ታነብለታለች። አንዳርጌ መቼም ሰው ነውና የራሱን ጥናት ጠየቃት።

«እሱን በልቼዋለሁ» አለች ፍየሏ። «ግን አላነበብኩትም።»

ወዲያው ሦስት አረጋውያን ቃላት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የየራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ገቡና ተቀመጡ። በዚያ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ይገባል እንጂ ቆሞ አይለምንም፤ የሚቆመው ባለቤቱ ነው። አንዳርጌ መዝጊያው ሥር ቆሞ ምን እግር ጣላችሁ አላቸው። የመጡት ለጋብቻ ነበር። ኡዎጋ የሚባለው የሊትዌኒያው ልጅ ያጎዳ የምትባለውን የሩስያዋን ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል። በእነሱ ሕግ ግን ባዕድ ባዕድን አያገባም፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። በሰባት ቤት ውስጥ የጋራ እናት ያላቸው ብቻ ናቸው የሚጋቡት። የሁለቱን እናት የሚያውቅ ደግሞ አንዳርጌ ብቻ ነው ተብሏል።

አንዳርጌ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈላጊ አገኘ። ደረቱን ነፍቶ መቶ ሃያውን ገጽ ማስረዳት ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ሲነቁ አንደኛው አፉን ጠራረገና በጣም ጥሩ፣ አሁን እናቲቱን አምጣት አለው። አንዳርጌ ደነገጠ። እሷን ያያትም የሰማትም የለም ብሎ ስለ ኮከቡ አስረዳቸው።

«ያልካት አንተ አይደለህ?» አሉት ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አምጣት።»

በመስኮት ሲያይ ልጆቹ ውጭ ቆመዋል። ኡዎጋ አጠር ያለ፣ ክብ፣ ጠቆር ያለ ልጅ ነው። ያጎዳ ቀላ ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ናት፤ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ቀይ ጭማቂ ስለሆነ ቀሚሷን አበላሽቶባታል። ማስተዋልም ስታለቅስ ድምፅ የላትም። አንዳርጌ ሄጄ እፈልጋታለሁ አለ።

የእናት መንገድ ወደ ኋላ ስለሆነ የሚኬደው የኋሊት ነበር። አንዳርጌ በጀርባው መራመድ ጀመረ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ አለቁ፤ ቀጥሎ አስፋልቱ አለቀ፤ ቀጥሎ አንድ ሺህ ፈረሰኛ አለፈው። እያንዳንዱ ፈረሰኛ መንገድ ስንት እንደቀረው ይጠይቀዋል፤ እሱ ደግሞ የሚሄድበትን ስላላየ ደርሳችኋል ይላቸዋል። በመጨረሻ ጀርባው አንድ ጉቶ ነካ። ዞር ሲል ጉቶው ላይ አንዲት ኩርምት ያለች አሮጊት እንጆሪ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ የብረት ድስት ክዳን የሚያህል ኮከብ በገመድ ታስሯል።

«እርስዎ ነዎት ኦጋ?» አላት።

«ትላላችሁ» አለችው።

ሊያቅፋት ፈለገ፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። እሷ ግን ተቀየመች። ምሬቷን በሙሉ ዘረገፈችው። ልጅ ሆና አታውቅም፤ የተወለደች ዕለት አሮጊት ነበረች። ባል ሳታይ የሁለት ልጆች እናት አደረጓት፤ ያውም በስብሰባ። ልጆቼ ናቸው የተባሉትን አጥብታም ተቆጥታም አታውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው አለችው።

«ሰው ሁሉ ስሙ ሲጠራ ይሰማል። እኔን የጻፈኝ ብዙ ነው፤ የጠራኝ ግን የለም።»

አንዳርጌ ከልቡ አዘነ። ይህን ሁሉ ዘመን አናባቢዋን ሲመረምር ብቸኛ ትሆናለች ብሎ አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ «ኦጋ» ብሎ ተጣራ። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። እስቲ ድገመው አለችው። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራት «አቤት» አለች፤ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች፤ ተነስታም ነጠላዋን አራገፈች። ወደ ሠርጉ ልትሄድለት ወሰነች። ኮከቡ ይከብድዎታል፣ ላውልቅልዎት ወይ ሲላት ግን እጁን መታችው።

«ተው፤ ክብሬ እሱ ነው። እኔ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። እሱ ግን አለማወቄን ይናገርልኛል፤ ማንም በሐሰት አይዘኝም። ይልቅ የሚያሳዝነው ያ ሰውዬ ነው።»

በከንፈሯ ጠቆመችው። ከዛፎቹ ማዶ አንድ ሰው ነጭ በቅሎ ላይ ተቀምጧል። ፊት የለውም። በቅሎዋም እግር የላትም፤ በሆዷ ሣሩ ላይ ተኝታለች። የሰውየውን ቀኝ እጅ የአንዳርጌ ዘመዶች ይዘው ይጎትታሉ፤ ግራ እጁን ደግሞ እነ አቶ ደሳለው ይዘዋል። ከመጎተት ብዛት እጆቹ ረዝመው መሬት ደርሰዋል። ከኋላው ሰማንያ በሬዎች ቆመው አንዳርጌን ያዩታል።

«አባዬ» አለው ሰውየው፤ በዚያ አገር አያት የሚወለደው ከልጅ ልጁ ነውና። አፍ ሳይኖረው ከየት እንደሚናገር አልታወቀም። «ሰማንያ በሬ ሰጠኸኝ፤ የሚግጡበት መሬት አልሰጠኸኝም። በቅሎዋን ነጭ ናት አልክ፤ እግር ግን አላደረግህላትም። ግንባሬን እየው፤ ባዶ ነው። ኮከብ ስለሌለኝ ሁሉም እውነት መስዬው ይጎትተኛል።»

አንዳርጌና ኦጋ ወደ ሠርጉ መንገድ ጀመሩ። ዳምጤ ከአርባ ጥማድ በሬው ጋር ተከተላቸው፤ ዘመዶቹም እየጎተቱት ተከተሉ።

ሠርጉ የሚደረገው ፍርድ ቤት ውስጥ ነበር፤ በዚያ አገር ሠርግና ክርክር አንድ አዳራሽ ይጋራሉ። ዳኛዋ ያቺው ፍየል ናት፤ ከሰዓት በኋላ ትዳኛለች። እንግዶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ደረታቸውን እየደቁ የሙሽሮቹን ደስታ ያለቅሳሉ። ፍየሏ ጸጥታ ካስከበረች በኋላ ኦጋን የእነዚህ ልጆች እናት መሆን አለመሆኗን ጠየቀቻት። ኦጋ እኔ አላውቅም፣ እሱን ጠይቂው አለች። ፍየሏ ወደ አንዳርጌ ዞረች።

«አይቻቸው አላውቅም» አለ አንዳርጌ። «ድምፃቸውንም ዛሬ ነው የሰማሁት። ከልጆቹ መልክ ተነስቼ ነው እናት ናቸው ያልኩት፤ ልሳሳትም እችላለሁ።»

እንዲህ ማለት ምንም አልከበደውም። ሦስት ሺህ እንጆሪ ፊት ቆሞ አላውቅም አለ፤ ጣሪያው አልተደረመሰበትም። ፍየሏ አንድ ጊዜ አመነዠከችና፣ በዚህ ችሎት አላውቅም ብሎ የመሰከረ ሰው ሙሉ ምስክር ነው ብላ ፈረደች። ኡዎጋና ያጎዳ ተጋቡ። እንግዶቹ በደስታ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ኦጋ ልጆቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳመች፤ ኮከቧ እየገጨ ሁለቱንም ግንባራቸውን አቆሰላቸው፤ ማንም ቅር አላለውም።

አንዳርጌ ለቅሶው መሐል ገብቶ ሊደሰት ሲል ፍየሏ የሚቀጥለውን መዝገብ ጠራች። የማስተዋል አንዳርጌ ጉዳይ ነበር። ልጁ ገባች። እሷም ፍሬ ሆናለች፤ ሳትለቀም ቆይታ ጫፍ ጫፏ መጨማደድ ጀምሯል። አባቷን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ» አለች፤ «ለእንጆሪ ያደረግኸውን ለእኔ ለምን ነሳኸኝ? ለባዕድ ቃል አላየሁም ለማለት አላፈርህም። ለእኔ ሲሆን ነው ያፈርህ።»

አንዳርጌ አሁን እናገራለሁ ብሎ አፉን ከፈተ። ፍየሏ በቀንዷ አስቆመችው። እናንተ አገር ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ትላላችሁ፣ እኛ ጋ ግን ከአፍ የወጣ ወደ አፍ ይመለሳል፤ መጀመሪያ በሬዎቹን ዋጥ አለችው። ሰማንያው በሬ በሩ ላይ ተሰልፏል። አንዳርጌ የመጀመሪያውን ዋጠ፤ ቀንዱ ጉሮሮውን ቧጨረው። ሁለተኛው ጅራቱ ጥርሱ መሐል ተንጠልጥሎ ቀረ። አሥራ አምስተኛው አንገራገረ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከኋላ እየገፋ አስገባለት። ሃምሳው ላይ ቀበቶውን ፈታ። ማስተዋል በጣቷ ትቆጥርለታለች። ሰባ ዘጠነኛውን እንደዋጠ አንድ ቀይ በሬ ብቻ ቀረ። በሬው መዝጊያው ላይ ቆሞ፣ አልገባም ብሎ፣ የአንዳርጌን ትከሻ ይዞ ይወዘውዘው ጀመር።

«ተነስ እንጂ» አለ በሬው በየሺመቤት ድምፅ። «ሽማግሌዎቹ መጥተዋል።»

አንዳርጌ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ጫማ አልፈለገም፤ ድፍረቱ ከሕልሙ ጋር እንዳይተነው ፈርቶ በካልሲው ሳሎን ገባ። አቶ ደሳለው፣ ቄሱና ሁለት ዘመዶቻቸው ተቀምጠዋል። ማስተዋል ሰፌድ የሚያህል ትሪ ለስላሳ ይዛ ቆማለች። ሰላምታም ሳይሰጥ ጀመረ።

«ዳምጤ የሚባል ሰው የለም» አለ። «የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በሬውም በቅሎውም ጋሻውም የእኔ ፈጠራ ነው። ከአራተኛው ቤት በላይ ያለውን አላውቅም። ልጆቹ በዳምጤ በኩል አይዛመዱም።»

ማስተዋል አባቷን አየችው፤ በእውኑም አየችው፤ አንዳርጌ የሁለት ሳምንት ሸክም ከትከሻው ሲወርድ ተሰማው። ቄሱ ወደ አቶ ደሳለው ዞሩ። አቶ ደሳለው አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው አስረዱት። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የዳምጤ ዘር መረዳጃ ማኅበር ተቋቁሟል፤ ስልሳ አራት አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው፤ ቄሱም ጸሐፊ ሆነው ተመርጠዋል። ነጭ በቅሎ ያለበት ማኅተም ተቀርጿል። ካናቴራ ታትሟል። ባለፈው እሑድ ደግሞ አንድ የልጅ ልጃቸው ዳምጤ ተብሎ ክርስትና ተነስቷል።

«እና መምህር፣ እርስዎ የለም ስላሉ የሚጠፋ ሰው አይደለም» አሉ። «ሙሽራ ሌላ ትገኛለች። እንደ ዳምጤ ያለ አያት ግን ከየት ይመጣል?»

አንዳርጌ ክርክር ሊጀምር ነበር። ስለ ኮከብ፣ ስለ ማስረጃ፣ ስለ መቶ ሃያ ገጽ ሊያነሳ ነበር። ማስተዋል ቀደመችው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንግዲያው ዳምጤን እነሱ ይውሰዱት» አለች። «አባዬ ለእኛ አምስተኛ ቤት ሌላ አያት ይፈልግልን።»

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ከአንዳርጌ በኩል ዳምጤ ከወጣ ልጆቹን የሚያገናኝ አያት እንደሌለ፣ ቀኖናውም እንደማይከለክል አረጋገጡ። አቶ ደሳለው ትንሽ አሰቡና በቅሎዋ እነሱ ጋ እስከቀረች ድረስ ቅሬታ እንደሌላቸው ተናገሩ። አንደኛው ዘመድ ወረቀት አወጣ፤ ሌላኛው እስክሪብቶ። ሁለቱንም አንዳርጌ ጉልበት ላይ አኖሩለት። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሰው መፍጠሩን በራሱ አፍ ያመነ ሰው በካልሲው ተቀምጦ ወረቀቱን አየ፤ ልጁን አየ፤ እስክሪብቶውን አነሳ። የሺመቤት ከኋላው መጥታ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ይኼኛውን ድሃ አድርገው» አለችው። «የድሃ ዘመድ ነኝ ብሎ የሚመጣ የለም።»